ፊደሉ ለወላጅ፣ ሥዕሉ ለልጅ

በመስከረም ወር ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ በሀዲያ ምድር በምትገኘው በሆመቾ ከተማ እንደ ሌሎቹ የገጠር ከተሞች ሁሉ ደብተርና እስክርቢቶ የሚሸጥበት ቦታ ሰው ይበዛበታል። መሬት ላይ በተነጠፈው ላስቲክ፣ ከደብተሩ ጎን የፊደል ገበታ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ከነሥዕሉ የታተመበት ወረቀት፣ ገጹ የሳሳ የተረት መጽሐፍ ይደረደራል። ወላጅ ልጁን ይዞ ከፊቱ ይቆማል። ወላጅ መጽሐፉን የሚገልጠው ከመጀመሪያው ነው፤ ፊደሉ ጎልቶ ይታይ እንደሆነ፣ ቁጥር ይኑረው አይኑረው፣ ዋጋው ከገጹ ብዛት ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ይመረምራል። ልጅ የሚገልጠው ግን እጁ ከደረሰበት ነው፤ ጅቡ የተሣለበት ገጽ ላይ ሲደርስ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ሁለቱ የያዙት አንድ መጽሐፍ ቢሆንም የሚያዩት አንድ ነገር አይደለም።

ይህ ልዩነት ዘወትር የሚታይ በመሆኑ ተራ ነገር መስሎ ይታለፋል። ልጅ ጨዋታ፣ ወላጅ ቁም ነገር ይወዳል ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ዐይን ከመጽሐፍ ገጽ ላይ ምን እንደሚፈልግ የሚወሰነው በተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን በታሪክም ጭምር ነው። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሆመቾ ወላጅ ፊደሉን ልጅ ሥዕሉን እንዲመርጥ ያደረገው ምክንያት ሲመረመር፣ መልሱ ከቤት ውስጥ ይልቅ በፍርድ ቤት ደጃፍ፣ በመሠረተ ትምህርት ዳስና በትምህርት ፖሊሲ ውስጥ ይገኛል።

መጽሐፍ ወደዚህ ምድር ከመዝለቁ አስቀድሞ ሥዕልና ተረት ነበሩ። በአጎራባቹ በሐላባ ግድግዳቸው በልዩ ልዩ ቀለማት የተዋቡ ጎጆዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ እንስሳትና ሐረግ መሰል ጌጦች በጎጆው ግድግዳ ላይ ይሣላሉ። በእንዲህ ያለ ቤት ለሚያድግ ሕፃን የመጀመሪያው የሥዕል መጽሐፍ ግድግዳው ነው። ገጹ አይገለጥም፣ ባለቤቱም አንድ ሰው አይደለም፤ አያትም የልጅ ልጅም እኩል ያዩታል። ማታ ምድጃ ዳር የሚነገረው ተረትም እንዲሁ ነው። የጅቡንና የጦጣውን ነገር አያት ሲያወሩ ልጁ በሳቁ፣ እናት በምሳሌው ይረካሉ። አንዱ ተረት ለሁሉም ስለሚበቃ ምርጫ የሚባል ነገር አይነሣም። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ የተሣሉት፣ ታሪክን በተከታታይ ክፍልፋዮች የሚያሳዩት ሥዕሎች ያገለገሉት ለዚሁ ነበር፤ ማንበብ የማይችለው ምእመን ከማንበብ የሚችለው እኩል ታሪኩን ይከታተልባቸው ነበር።

ፊደል ወደ ከምባታና ሀዲያ ሲመጣ ግን እንደ ግድግዳው ሥዕል የጋራ ሆኖ አልመጣም። ጥንት ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሳዕና የአስተዳደር ማዕከል ከተቋቋመ በኋላ፣ ጽሕፈት ለአብዛኛው ገበሬ የተገለጠው በግብር ደረሰኝ፣ በመሬት ክርክርና በዳኛ ፊት በሚነበብ ወረቀት ነበር። ያውም በማያውቀው ቋንቋ። ገበሬው ያልገባውን ቃል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያጸድቃል፤ አቤቱታውን የሚጽፍለት ሌላ ሰው ስለሆነ ያለውና የተጻፈው አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ወደ አካባቢው የገቡት የወንጌላውያንና የካፑቺን ካቶሊክ ሚሲዮኖች፣ ቀጥሎም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፊደልን ለጥቂቶች አዳረሱ። ፊደል የቆጠረው ልጅ የቤተሰቡን ደረሰኝ ማንበብ ሲጀምር በመላው ዘመድ ዘንድ ክብሩ ከፍ አለ።

እንግዲህ ለዚያ ዘመን ወላጅ መጽሐፍ ማለት ጋሻ ነበር፤ በጋሻ ላይ ደግሞ ሥዕል አይፈለግም፣ ጥንካሬው እንጂ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ በየአውራጃው እንዲዳረስ ያደረጉት የፊደል ገበታ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ከሌላ መጽሐፍ ሁሉ ቀድሞ የገባውም ስለዚህ ነው። ዋጋው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግልጽ ነበር። ዛሬ ወላጅ ሥዕሉን አልፎ ፊደሉን ሲመረምር የሚታየው ጣዕም ማጣት ሳይሆን አያቱ የተታለሉበትን ወረቀት አለመርሳት ነው። የሥዕል ጥቅም ያልገባው ኋላ ቀር እያሉ የሚነቅፉት ሰዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

ያም ሆኖ ልጅ በገበታው ላይ እንኳ የሚያየው ሥዕልን ነው። ፊደሉን ገና በድምፁ ሳይለይ በመልኩ ይለየዋል፤ አንዱ ባለ ሁለት እግር፣ ሌላው ባለ ቀለበት፣ ሌላው አንገቱን የሰበረ ነው። መምህሩ ድምፅ ሲያስጠኑ እርሱ እግርና አንገት ይቆጥራል።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1844 የገና ሰሞን በጀርመን ሀገር በፍራንክፈርት ከተማ ሐይንሪኽ ሆፍማን የሚባል ሐኪም ለሦስት ዓመት ልጁ የሥዕል መጽሐፍ ሊገዛ ወጣ። በሱቆቹ ያገኛቸው መጻሕፍት ረዣዥም ታሪክና ደረቅ ምክር የበዛባቸው ስለሆኑ አልወደዳቸውም፤ ባዶ ደብተር ገዝቶ ተመለሰና ራሱ ግጥም ጽፎ ራሱ ሥዕል ሣለበት። ደብተሩ በ1845 ታተመና በመላው አውሮፓ የታወቀው ሽትሩቨልፔተር (ጸጉረ ጨብራራው ፔተር) ሆነ። በመጽሐፉ ውስጥ በክብሪት የምትጫወት ልጅ ትቃጠላለች፣ ሾርባ አልበላም ያለ ልጅ መንምኖ ይሞታል። ብዙ አዋቂዎች ጭካኔው አስደነገጣቸው። ልጆች ግን በጭካኔው ውስጥ ማጋነኑን አይተው ይስቁበት ነበር።

ከዚህ ይበልጥ ለካድሬና ለመምህር ትምህርት ሊሆን የሚችለው የሶቪየት ኅብረቱ ታሪክ ነው። ኮርኔይ ቹኮቭስኪ የታመመ ልጁን በባቡር ጉዞ ላይ ለማባበል የጀመረውን የአዞ ተረት በግጥም ጽፎ አሳተመ። ሲጋራ እያጨሰ በከተማ ጎዳና የሚንሸራሸረውን ይህን አዞ ልጆች በቃላቸው ያዙት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1928 ግን የሌኒን ባለቤትና የትምህርት ሥራ መሪ የነበሩት ናዴዥዳ ክሩፕስካያ በፕራቭዳ ጋዜጣ መጽሐፉን ክፉኛ ነቀፉት፤ ልጅ ስለ አዞ እውነተኛ እውቀት ማግኘት ሲገባው ትርጉም የለሽ ቅዠት ይቀርብለታል የሚል ነበር ቅሬታቸው። በቀጣዩ ወር ማክሲም ጎርኪ በዚያው ጋዜጣ ለጸሐፊው ጥብቅና ቆመ። ክሩፕስካያ ለልጆች ደንታ የሌላቸው ሰው አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን ለሕዝብ ትምህርት የሰጡ ሴት ናቸው። የሆመቾው አባት የፊደል ገበታውን የሚያነሣበትን ምክንያት እርሳቸውም ያውቁታል፤ እውቀት የራበው ሕዝብ በቀልድ ጊዜ እንዳያባክን ፈርተዋል። ሆኖም አዞው ከነቀፋው በኋላም ዕድሜ አገኘ።

ሆፍማንም ቹኮቭስኪም ስለ ሕፃናት በጠቅላላው ከማሰባቸው በፊት አንድ ልጅ ከፊታቸው ነበረ። የልጁን ፊት እያዩ ነበር የጻፉት።

በሀገራችን በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ዘመቻው እየሰፋ ሲሄድ መማሪያ መጻሕፍት በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጁ፤ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከእነዚህ መካከል ነበሩ፤ የተጻፉትም በግዕዝ ፊደል ነበር። በገበሬ ማኅበሩ ዳስ ውስጥ እናትና ልጅ፣ አማትና ምራት በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ለፍርድ ቤት እንጂ ለወግ የማይሆን ይመስል የነበረው ጽሕፈት የቤታቸውን ቋንቋ ሲናገር ሰሙት። በንባብ ረገድ ወላጅና ልጅ እኩል ጀማሪ የሆኑበት ጊዜ በሀዲያ ታሪክ ከዚያ በፊት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ።

ይሁን እንጂ በዘመቻው መጻሕፍት ላይ የነበረው ሥዕል የጎልማሳ ሥዕል ነበር። የእርሻን፣ የጤናን፣ የኅብረት ሥራን ጉዳይ ያስረዳል። ዓላማው ሠርቶ አዳሪውን ማንቃት ስለነበረ ይህ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከእናቱ ጎን ለተቀመጠው የሰባት ዓመት ልጅ ያ ገጽ ምን ነገረው? ለልጁ የደረሰው ሥዕል የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በሞስኮ የሚገኘው ፕሮግሬስ አሳታሚ ድርጅት በአማርኛ እያስተረጐመ ያሳትማቸው የነበሩት የልጆች መጻሕፍት በዋጋ ርካሽ፣ በቀለም ደማቅ ነበሩ፤ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መደብሮችም ይሸጡ ነበር። የዚያ ትውልድ ብዙ የከተማ ልጆች በረዶን ሳያዩ በረዶን፣ ድብን ሳያዩ ድብን አወቁ። ወላጅ መጽሐፉን የሚገዛው ወረቀቱ ጠንካራ፣ ዋጋው ቀላል ስለሆነ ነው፤ ልጁ የሚወደው ድቡን ነው። እነሆ ለአንድ ጊዜ ሁለቱ ምርጫዎች በአንድ መጽሐፍ ላይ ተገናኙ፤ ግን በሁለቱም ምርጫ ውስጥ የእንሰቱ ምድር የለበትም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ትልቅ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ቀደም ሲል በአማርኛ ብቻ ይማር የነበረው የሀዲያና የከምባታ ልጅ በገዛ ቋንቋው መማር ጀመረ፤ ጽሕፈቱ ግን ከግዕዝ ፊደል ወደ ላቲን ተለወጠ። ለለውጡ የቀረቡት የቋንቋ ሳይንስ ምክንያቶች ነበሩ፤ ስለ አናባቢ ርዝመትና ስለ ተነባቢ መጥበቅ ብዙ ተብሏል፤ ያ ክርክር ሌላ ቦታ አለው። እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባው በየቤቱ የሆነው ነገር ነው። በ1970ዎቹ በዳስ ውስጥ ሀዲይኛን በግዕዝ ፊደል የቆጠረችው እናት፣ በ1990ዎቹ ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን የሀዲይኛ መጽሐፍ ስትገልጥ እንደገና መሃይም ሆነች። ቋንቋው የእርሷ ነው፤ ተረቱን ከልጇ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ገጹ ግን አይናገራትም።

ይህ ሲሆን የመጽሐፍ ምርጫ መልኩን ለወጠ። ወላጅ ልጁን ሊቆጣጠርበት የሚችለውን መጽሐፍ መምረጥ ጀመረ፤ ይኸውም ራሱ ማንበብ የሚችለውን የአማርኛውን መጽሐፍ ነው። አለዚያም ወደ ሥራና ወደ ከፍተኛ ትምህርት ያደርሳል ብሎ የሚያምንበትን የእንግሊዝኛውን ይገዛል። የሀዲይኛው መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ስለሚሰጥ ገንዘብ የሚወጣበት አልመሰለም። ዛሬ ራሳቸው በላቲኑ ሀዲይኛ የተማሩ ወጣት ወላጆች አሉ፤ በመጋረጃው ማዶ የቀሩት አያቶች ናቸው። ነገር ግን ወጣቱ አባት ፊደሉን ማንበብ እየቻለም በገበያ ላይ የአያቱን ዐይን ይዞ ይቆማል፤ ጥያቄው አሁንም «ይህ ለፈተና ይረዳዋል?» የሚለው ነው።

የፈተናው ነገር ከተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ወላጅ ፊደል፣ ፊደል ሲል ከርሞ ውጤቱ ይህ ከሆነ ፊደሉን የሚያስወድድ አንድ ነገር ጐድሏል ማለት ነው። ከምዘናው በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት በሥዕል ተደግፈው ሲዘጋጁ ሀዲይኛ ከሰባቱ አንዱ ሆነ። ከምባትኛ አልነበረበትም። ገጹ ሰፋ ያለ፣ ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ሥዕሉ ከታሪኩ ጋር የሚሄድ መጽሐፍ በሀዲያ ልጆች እጅ በብዛት የገባው ያኔ ነው።

ልጅ ራሱ የሚመርጥበት ቦታ ከሌለ ግን ምርጫው ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ በተግባር ያነሣው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነው። በነገሌ ቦረና ያደገው ዮሐንስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ በእጁ የገባው በ19 ዓመቱ እንደነበር ተናግሯል። በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በሆነ ጊዜ፣ በመደርደሪያው ላይ የብዙ ሕዝቦች ቋንቋ ሲኖር የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አለመኖሩን አየ። እ.ኤ.አ. በ2002 እናቱ የመከረችውን ሁሉ ያለ ቦታው ቃል በቃል እየፈጸመ ነገር ስለሚያበላሸው ስለ ሞኙ ማሞ የሚነገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል መጽሐፍ አሳተመ። በምርጫው ውስጥ ብልሃት አለበት፤ ወላጅ ተረቱን ስለ ምክር ያነበዋል፣ ልጅ ደግሞ የምክርን መገለባበጥ አይቶ ይስቃል። በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ቀጥሎም በሀዋሳ አህያ የሚጐትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ።

ልጅ ከጋሪ ላይ ወይም ከመደርደሪያ መጽሐፍ ሲያነሣ ወላጅ አጠገቡ የለም፤ ገንዘብም አይጠየቅም። ያን ጊዜ የሚታየው ነገር አዋቂን ግራ ያጋባል። ልጁ ትናንት ያነበበውን ዛሬ መልሶ ያነሣዋል፣ ነገም ይደግመዋል። «ይህንን አንብበህ ጨርሰኸው የለም ወይ?» ይላል አዋቂ። መጽሐፍ ለአዋቂ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ለልጅ ግን እንደ ምድጃ ዳሩ ተረት ነው፤ አያት ትናንት ያወሩትን ዛሬ ባያወሩ የሚያለቅሰው እርሱ ራሱ ነው።

ሥዕል ሲባል ግን ሥዕል ሁሉ አንድ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ዐይኑ የሚበልጠው ወላጁ ነው። በሀዲያና በከምባታ ለሚኖር ልጅ ቤቱን የከበበው፣ ሆዱንም የሚሞላው እንሰት ነው። ሠዓሊው በአዲስ አበባ ተቀምጦ እንሰትን እንደ ሙዝ ቢሥለውና ፍሬ ቢያንጠለጥልበት ልጁ ምናልባት ዝም ይላል፤ ዕድሜዋን እንሰት ስትፍቅ የኖረች አያት ግን ትስቅበታለች። ቅጠሉ ወደ ላይ የሚቆም መሆኑን፣ ፋቂዋ በተጋደመው ጣውላ ላይ የቀርከሃ መፋቂያዋን ይዛ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ቡላው ከየት እንደሚጠልል የምታውቀው እርሷ ናት። የፍየሉን ጆሮ፣ የጎጆውን ጉልላት፣ የማጀቱን አሠራር ከእርሷ በላይ የሚያርም አርታኢ የለም። እንዲያውም ላቲኑ ከገጹ ያስወጣቸው አያት በሥዕሉ በኩል ተመልሰው ሊገቡ ይችላሉ። ልጁ ፊደሉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ አያት ሥዕሉን አይተው «እንደዚያ አይባልም» ብለው ቃሉን ያርማሉ። የሀዲይኛ ድምፁ ከእርሳቸው፣ ጽሕፈቱ ከልጁ ይገኛል።

ይህ እንዲሆን ግን ሥዕሉ አያት የሚያውቁት ነገር ሊሆንበት ይገባል። ፖም፣ የበረዶ ሰው፣ ሰማያዊ ባሕር ብቻ በታተመበት ገጽ ፊት አያትም እንግዳ ናቸው። የሐላባን ግድግዳ የሚሥሉት እጆች በቅርብ ርቀት እያሉ፣ በሆሳዕናም ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ኮሌጅ እያለ፣ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ከሩቅ መለመኑ ለሥነ ጥበብ ሰዎች የሚያስተዛዝብ ነው። ልጁ እንሰት ብቻ ይይ ማለት አይደለም። ድቡንም አዞውንም ይየው። ከድቡ ጎን ግን የደጁን ጅብ ቢያገኝ ማን ይጠላል?

የሆመቾው ገበያ አልተበተነም። አባት የያዘው ገንዘብ ለአንድ መጽሐፍ እንጂ ለሁለት አይበቃም። የፊደል ገበታውን አንሥቶ ዋጋ ጠይቋል። ልጁ ጅብ ያለበትን መጽሐፍ ሁለት እጁን ጭኖበት ተቀምጧል፤ አልሰጥም ሳይል፣ ስጠኝም ሳይል። ሻጩ ሁለቱንም ያያል። አባት ጎንበስ ይልና ስለ ሥዕሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ይጠይቃል፦ «ይህ ጅብ የያዘው ምንድን ነው?» ልጁ ገጹን ወደ አባቱ ያዞርለታል።